ጥያቄና መልስ፦ ኤልሳት ጁን ላይ ልቀመጥ ወይስ ልግፋው?

በዚህ ወር የሎው ስኩል ጥያቄ በዝቶብናል፣ ስለዚ ሰብሰብ አርጌ አንድ ላይ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ኤልሳትን (የአሜሪካ ሎው ስኩል መግቢያ ፈተናውን) ሁለት ጊዜ የተፈተንኩ ሰው ነኝ፣ መጀመሪያ 152 ሁለተኛ 163፣ እና በመሀል ያለው 11 ነጥብ ምን እንዳስከፈለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

*ሰላም፣ ምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ አምና ኮሌጅ ጨርሻለሁ፣ አሁን ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት እሰራለሁ፣ በሳምንት 40 ሰዓት። ለጁኑ ኤልሳት ተመዝግቤያለሁ። አሁን ማርች ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሰዓት ይዤ አንድ ሙሉ ፈተና ስሰራ 147 መጣልኝ፣ ምፈልገው ግን 160 ነው። የአክስቴ ልጅ በሷ ጊዜ ያጠናችበትን መጽሐፍ ሰጥታኝ እሱን ነው ማነበው። እንግሊዝኛ የለመድኩት ካደግኩ በኋላ ስለሆነ ሰዓቱ ጭራሽ አይበቃኝም። ጁን ልሞክረው ወይስ ልግፋው? ከገፋሁት ደሞ ዓመቱ አያመልጠኝም?* — የማታ ሠራተኛዋ

እህቴ ግፊው።

ከመጽሐፉ ልጀምር። ክፈቺውና እነ እገሌ ወንበር ላይ ሲደረደሩ፣ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል ምናምን የሚል ክፍል ካለው ያን ክፍል እርሺው። እሱ ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ነው፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። (የወጣውም ዝም ብሎ አይደለም፣ ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች ያለ ስዕል የማይሰራ ነገር ለኛ ፍትሃዊ አይደለም ብለው ከሰው፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ኤልሳክ በ2019 ስምምነት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና በክስ ተቀየረ፣ ሁሌም ይገርመኛል።) አሁን ያለው አራት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ፣ ከሁለተኛው በኋላ 10 ደቂቃ እረፍት። ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጭር ክርክር እያነበቡ አመክንዮውን መመርመር) እና አንድ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን (ምንባብ አንብቦ መረዳት) ይታረማል፣ አራተኛው ለሙከራ የገባ ስለሆነ አይቆጠርም፣ ግን የትኛው እንደሆነ አይነግሩሽም፣ ሁሉንም የምርሽን ትሰሪያለሽ። እንግዲህ ከሚቆጠረው ሁለት ሦስተኛው ሎጂካል ሪዝኒንግ ነው፣ ጊዜሽም እዛ ነው መሄድ ያለበት። ለልምምድ የኤልሳክ ድረ ገጽ የሆነው ሎውሃብ ላይ በነጻ አካውንት ክፈቺ፣ በአዲሱ ፎርማት የተዘጋጁ ትክክለኛ ፈተናዎች አሉ፣ ጥቂቶቹ በነጻ ናቸው ቀሪው በዓመት ወደ 120 ዶላር ይጠይቃል። ገቢሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ከመክፈልሽ በፊት የኤልሳክን ፊ ዌቨር (ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ) አመልክቺ፣ የምዝገባውንም ጭምር ይሸፍናል፣ ብዙ ልጅ አያውቀውም ወይ ያፍራል።

አሁን ወደ ቀኑ። እኔ የመጀመሪያውን ፈተና የተቀመጥኩት ስለደረስኩ አልነበረም፣ ስለከፈልኩ ነው። ልምምድ ላይ 155 አካባቢ ነበርኩ፣ የፈተናው ቀን ነፍስ ይዞኝ ይወጣል ብዬ ሄድኩ፣ 152 ይዤ ወጣሁ። የፈተና ቀን ተአምር አይሰራም፣ እንደውም ትንሽ ይቀንስብሻል፣ ጭንቀት አለ እንቅልፍ ማጣት አለ። ስለዚ ቀን ምትመርጪው በካላንደር ሳይሆን በስኮር ነው፦ በሰዓት የሰራሻቸውን የመጨረሻ አራት አምስት ሙሉ ፈተናዎች አማካይ ውሰጂ፣ ምታገኚው እሱን ወይ ከሱ ሁለት ሦስት ነጥብ ዝቅ ያለውን ነው። አማካዩ 160 ካልነካ 160 አይመጣም፣ አለቀ። ደሞ በአምስት ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው ሚፈቀደው፣ እና ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ስኮር ያያሉ። አብዛኞቹ ከፍተኛውን ነው ሚይዙት፣ ቢሆንም እስቲ ልሞክረው ተብሎ ሚባክን ፈተና አይደለም።

ዓመቱ አያመልጥሽም። ማመልከቻ አብዛኛው ቦታ ሚከፈተው ሴፕቴምበር አካባቢ ነው፣ ከዛ እየመጣ እየታየ ነው ሚሄደው፣ ቀድሞ የገባ ብዙ ባዶ ወንበር እያለ ይታያል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሴፕቴምበር ብትፈተኚ ውጤቱ በሦስት ሳምንት ገደማ ይመጣል፣ እንዳይጣምሽ ከፈራሽ ለኦክቶበርም አስቀድመሽ መመዝገብ ትችያለሽ፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት ሁሉም ነገር ከገባ ዘገየሽ ሚልሽ የለም። በኔ ግምት አምስት ነጥብ ከሁለት ወር መቅደም በጣም ይበልጣል፣ በተለይ ለብር። ማንኛውም በኤቢኤ (በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር) የታወቀ ሎው ስኩል በየዓመቱ 509 የሚባል ሪፖርት ማውጣት ግዴታው ነው፣ የገቡት ልጆች የኤልሳት መሀለኛ ስኮር፣ 25ኛውና 75ኛው ፐርሰንታይል፣ ስንቱ ስኮላርሺፕ እንዳገኘ፣ ስንቱ እንደተቀማ ሁሉ እዛ አለ። 160 ያልሽው ከዛ ላይ አይተሽ ነው ወይስ ደስ ስላለሽ? እንደ መሀለኛው ስኮር 160ም አንዱ ቦታ ስኮላርሺፕ ያመጣል ሌላ ቦታ በር አያስከፍትም፣ ስለዚ መጀመሪያ ምትፈልጊያቸውን አምስት ስድስት ትምህርት ቤቶች አይተሽ ቁጥሩን ከዛ አምጪው።

ከዚህ እስከ ሴፕቴምበር 25 ሳምንት ምናምን አለሽ። በሳምንት 12 ሰዓት ብታገኚ 300 ሰዓት ነው፣ ይበቃል። ከሺፍት ስትወጪ ግን አታጥኚ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ዓይን ያነባል ጭንቅላት ተኝቷል። ተኝተሽ ተነሺና ወደ ሥራ ከመግባትሽ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በኦፍ ቀንሽ ሦስት አራት ሰዓት። የመጀመሪያ ሁለት ወር ሰዓት የሚባል ነገር አታብሪ። «ሰዓቱ አይበቃኝም» ሚለው ሁሉ ችግሩ ሰዓቱ አይደለም፣ ገና ያልገባውን ነገር በጥድፊያ እየሰራው ስለሆነ ነው። አንድ ጥያቄ ላይ አስር ደቂቃም ፍጂ፣ መደምደሚያው የቱ ነው፣ ማስረጃው የቱ ነው፣ በመሀላቸው ያልተነገረው ክፍተት ምንድነው፣ እሱ እስኪታይሽ። ቀጥሎ አንድ አንድ ክፍል በ35 ደቂቃ፣ መጨረሻ ሁለት ወር ላይ ነው ሙሉ ፈተና ምትጀምሪው፣ በሳምንት አንድ፣ ከበዛ ሁለት።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ እንደውም አማርኛሽን ተጠቀሚበት። «አንለስ» ሚለው ቃል ብዙ ሰው ያደናግራል፣ ለኛ ግን «ካል—» ነው፣ በቃ። «ባጅ ካልያዝክ አትገባም።» ይሄን የሰማ አበሻ ባጅ የያዘ ሁሉ ይገባል ማለት እንዳልሆነ ያውቃል፣ ዘበኛው በሌላ ምክንያት ሊመልሰው ይችላል። ከገባ ግን ባጅ ይዟል። ኤልሳት ግማሽ ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው፣ አስፈላጊውን ነገር በቂ አስመስሎ ማቅረብ። በአንጻሩ አማርኛ ሚያስተን ቦታም አለ፦ «አንዳንዶቹ ሀብታም ናቸው» ስንል ሌሎቹ አይደሉም ማለታችን ነው፣ ኤልሳት ላይ ግን «ሰም» (some) ማለት ቢያንስ አንድ ማለት ብቻ ነው፣ ሁሉም ሊሆኑ ይችላሉ። «ሞስት» ደሞ ከግማሽ በላይ፣ እሱም እስከ ሁሉም ድረስ ይሄዳል። ሪዲንጉ ላይ አራት ምንባብ ነው፣ አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፍ ጎን ለጎን ሚያወዳድር ነው፣ ለእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ይደርስሻል። እኔን ያዳነኝ ነገር ቢኖር ከየአንቀጹ በኋላ ቆም ብዬ ጸሐፊው እዚህ ጋ ምን እያደረገ ነው ሚለውን በአማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራሴ መንገር ነው፦ «የድሮውን ሐሳብ እያፈረሰ ነው»፣ «ለሱ የሚሆን ምሳሌ እየሰጠ ነው»። መጀመሪያ ያዘገያል፣ ከወር በኋላ ግን ተመልሰሽ ማንበብ ትቀንሻለሽ፣ ሰዓቱ የተረፈው ከዛ ነው።

ቀኑን ለመቀየርም የጊዜ ገደብና ክፍያ አለው፣ ዛሬውኑ አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ እይው።

*30 ፕሪፕቴስት (የልምምድ ፈተና) ሰርቻለሁ፣ ከ158 አልንቀሳቀስም። ሌላ 20 ልጨምር ወይስ ኮርስ ልግዛ?* — ቆሞ የቀረው

ወንድሜ ሠላሳውን የት ጣልካቸው? ሰርተህ ስኮሩን አይተህ ተናደህ ወደሚቀጥለው ነው አይደል። ሁሉም ሰው እንደዛ ነው፣ እኔም። ኮርስም ገዝቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ብዙ መቶ ዶላር ከፍዬ ያገኘሁት ፈጠን ብሎ ሚያወራ ሰውዬ ነው።

ለሦስት ሳምንት አዲስ ፈተና አትንካ። አሁን ሎውሃብ ላይ ያሉት ከ101 እስከ 158 ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው፣ 58 ፈተና ማለት ነው፣ አያልቁም ብለህ አትበትናቸው ያልቃሉ። ከዛ አንድ ክፍል በ35 ደቂቃ ስራ፣ ስትሰራ መቶ በመቶ እርግጠኛ ያልሆንክበትን ሁሉ ምልክት አድርግ። ሲያልቅ መልሱን አትይ። ምልክት ያደረግህባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ስራ፣ አራቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች ለምን እንደተሳሳቱ ለየብቻ ጻፍ፣ ከዛ ነው መልስ ምታየው። ብላይንድ ሪቪው ይሉታል። አሁን ሁለት ስኮር አለህ፣ በሰዓት የመጣውና ያለ ሰዓት የመጣው። በሰዓት 158 ያለ ሰዓት 170 ከሆነ ይገባሃል ማለት ነው፣ ችግርህ ፍጥነትና አመራረጥ ነው። ያለ ሰዓትም 160 ከሆነ ግን ሺ ፈተና ብትሰራ አትንቀሳቀስም፣ ያልገባህ ነገር አለ፣ ተመልሰህ የጥያቄ ዓይነት በየዓይነቱ ለይ። ደብተር ያዝና የሳትካቸውን አስገባ፣ «ቸኩዬ ነው» ብለህ ግን እንዳትጽፍ፣ እሱ ምክንያት አይደለም። «‹ብዙ›ን ‹አብዛኛው› ብዬ አነበብኩ»፣ «የሌላውን ሰው አስተያየት የጸሐፊው መስሎኝ»፣ እንዲህ ነው ሚጻፈው። 40 ስህተት ሲሞላ ሦስት አራቱ እየተደጋገሙ እንደሆነ ታያለህ፣ የኔ ሁሌም ምርጫው ውስጥ ያለች አንዲት ጠንከር ያለች ቃል ነበረች፣ «ሁልጊዜ»፣ «ብቸኛው» ምናምን፣ ሳላያት አልፋት ነበር።

ችግርህ ፍጥነት ከሆነ ደሞ ሎጂካል ሪዝኒንግ 25 ገደማ ጥያቄ ነው፣ ለአንዱ ከ80 ሰከንድ ትንሽ በለጥ ይላል፣ ግን እኩል አታካፍላቸው። መጀመሪያ ያሉት ባብዛኛው ይቀላሉ፣ አስሩን በ12 ደቂቃ ከጨረስክ ለከባዶቹ ትርፍ ይዘሃል። ገጹን ሙሉ የያዘ ትይዩ አመክንዮ ፈልግ (ከምርጫዎቹ በተመሳሳይ መንገድ የሚከራከረውን ለይ) ሚል ጥያቄ ሲመጣ መልስ ገምተህ ሙላ፣ ምልክት አድርግበት፣ እለፍ፣ ሲተርፍህ ትመለሳለህ። ለተሳሳተ መልስ ሚቀነስ ነጥብ የለም፣ ባዶ ትተህ አትውጣ።

*ኢትዮጵያ በሕግ ተመርቄ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዕድሜዬ 46 ነው። እዚህ ለመሥራት ኤልሳት መፈተን አለብኝ?* — የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ

ጋሼ፣ እንደሚሄዱበት መንገድ ነው። ጄዲ፣ ማለትም የአሜሪካ መደበኛው የሕግ ዲግሪ፣ ሦስት ዓመት ነው፣ እሱን ካሉ ባብዛኛው ኤልሳት ያስፈልግዎታል፣ እና ከውጭ የመጣ ትራንስክሪፕት በኤልሳክ በኩል ሲገመገም እንደ አሜሪካው ቁጥር ያለው ጂፒኤ አይሰራለትም፣ ስለዚህ ያለዎት ቁጥር ኤልሳቱ ብቻ ስለሚሆን ክብደቱ ይጨምራል። ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ግን የአንድ ዓመት ነው፣ ባብዛኛው ኤልሳት አይጠይቅም፣ እንግሊዝኛ ፈተና ነው ሊጠይቁ ሚችሉት። ለባር (ለጥብቅና ፈቃድ ፈተናው) ኒውዮርክ ውጭ አገር ለተማሩ በር አላት፣ በሁኔታ ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም። እባክዎ ለኤልኤልኤም አንድ ዶላር ሳይከፍሉ የኒውዮርክ ቦርድ ኦፍ ሎው ኤግዛሚነርስ ዲግሪዎን አስቀድሞ እንዲገመግምልዎ ያመልክቱ። ተመዝግበው ተምረው ከጨረሱ በኋላ ብቁ አይደሉም መባል ነው ትልቁ ኪሳራ።

*ፈተናውን ወስጄ ውጤት ሚወጣበት ቀን አለፈ፣ ጓደኞቼ ደርሷቸዋል፣ የኔ የለም። ምን ሆኖ ነው?* — ግራ የገባት

ራይቲንጉን ሰርተሻል? አርጊውመንታቲቭ ራይቲንግ ሚባል ለብቻው ሚሰራ ድርሰት አለ፣ 15 ደቂቃ ማሰቢያ 35 ደቂቃ መጻፊያ፣ ነጥብ አይሰጠውም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚፈተን ሰው እሱ ካልገባ ስኮሩን አይለቁትም። ዛሬ ማታ ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጊና ጨርሺው።