«ጫቱን ተውኩት፣ እንቅልፍ ደግሞ እኔን ተወኝ»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጭንቅ ያወራሉ። ጸሐፊዎቹ ጫት፣ አረቄ ወይም ሲጋራ አቁመዋል፤ ቀኑን እንደምንም ይገፉታል፤ ሌሊቱ ግን አልገፋ ብሏቸዋል። ሰው ወደ ተወው ነገር የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ እጦት ተሸንፎ ስለሆነ አራቱን መርጠን መልሰናል። ሰዓቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጫት ካቆምኩ 11 ቀኔ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት እንደ ሬሳ ተኛሁ። አሁን ግን ማታ 3 ሰዓት ጋደም ብዬ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እገላበጣለሁ። ሸለብ ሲያደርገኝ ዱካክ ይመጣል፤ ጥቁር ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል፣ ልጮህ ብል ድምፄ አይወጣም። ጓደኞቼ «ትንሽ ቅመስ፣ ይለቅሃል» ይሉኛል። ጠዋት 1 ሰዓት እነሳና ባጃጅ እነዳለሁ። ምን ላድርግ? — ከአዘዞ

መልስ፦ ከዱካኩ እንጀምር፤ ብዙውን ሰው ወደ በርጫ የሚመልሰው እሱ ነውና። ጓደኞችህ የሚሉት ለአንድ ሌሊት ይሠራል። ብትቅም ዱካኩ ለዕለቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ስታቆም ግን እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። ከእንቅልፋችን ውስጥ ሕልም የሚበዛበት ክፍል አለ። በዚያን ጊዜ ሕልሙን በእጅ በእግር እንዳንፈጽመው አንጎል ጡንቻዎችን ይቆልፋል፤ ዓይንና መተንፈሻ ብቻ ይሠራሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ ሌሎቹ አነቃቂዎች ይህን የሕልም እንቅልፍ አፍኖ ይይዘዋል። ጫቱ ሲቀር የታፈነው ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ጊዜውን ሳይጠብቅ፣ ገና ሸለብ ሲያደርግህ ይደርሳል። ስለዚህ ግማሽህ ነቅቶ፣ ሰውነትህ ተቆልፎ ሕልሙን በቁምህ ታያለህ። ልብ በል፤ ትንፋሽህ አልተቋረጠም። የቆመ የሚመስልህ የደረትህ ጡንቻ እንደ ፈለግከው ስለማይታዘዝህ ነው።

ሲይዝህ ለመነሳት አትታገል፤ ትግሉ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። የእግርህን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክር፣ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አስወጣ። ብዙውን ጊዜ ከሰከንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለቅቃል። ዱካክ በጀርባው የተኛን ሰው ይወዳል፤ ጋቢህን ጠቅልለህ ከጀርባህ ሥር አድርገውና በጎንህ ተኛ። ከለቀቀህ በኋላ ወዲያው ዓይንህን አትጨፍን፤ ተነስተህ ውኃ ተጎንጭ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁጭ በል፣ አለበለዚያ እዚያው ሕልም ውስጥ ትመለሳለህ። ተመሳሳይ ቅዠት እየተመላለሰ ካስቸገረህ ደግሞ ቀን ላይ፣ በብርሃን፣ መጨረሻውን ለውጠህ ጻፈው። ለምሳሌ ያ ጥቁር ነገር ተነስቶ በሩን ከፍቶ ወጣ በል። አዲሱን ታሪክ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል በሐሳብህ ተመላለስበት። ይህ በሕክምናም የሚሠራበት ዘዴ ነው። ጸሎትህን የሚያስቀር ነገር የለውም።

አሁን ወደ እንቅልፉ። ከማታ 3 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አልጋ ላይ 10 ሰዓት ትቆያለህ፤ የምትተኛው 5 ሰዓት ነው። ግማሹን ጊዜ አልጋህ የጭንቀት ቦታ ሆኗል፤ አንጎልህም አልጋን ከመገላበጥ ጋር አያይዞ ለምዶታል። መፍትሔው ከጠዋት ይጀምራል፦ እሑድም ሆነ በዓል፣ ተኝተህም ሆነ ሳትተኛ አድረህ 1 ሰዓት ላይ ተነሳ። ይህቺን አንዲት ሰዓት ካልጠበቅህ የቀረው ሁሉ አይያዝም። የመኝታ ሰዓትህን ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ግፋው። በመጀመሪያው ሳምንት ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በሁለተኛው 5 ሰዓት። አልጋ ላይ ካሳለፍከው ጊዜ 85 በመቶውን ያህል መተኛት ስትጀምር (ለምሳሌ ከ8 ሰዓት 7ቱን) መግፋቱን አቁም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ካልጠገብክ በሳምንት 15 ደቂቃ እያስቀደምክ ትተኛለህ።

ሌሎች ሰዎች ይህን ሰዓት በአንድ ጊዜ ይቆርጡታል፤ ፈጥኖም ይሠራላቸዋል። አንተ ግን መሪ ይዘሃል። በድንገት ቢቆረጥ ቀን ላይ ለሦስት አራት ሰከንድ ሳታውቀው ትደፋለህ፤ ለባጃጅ ያ ይበቃል። ዓይንህ ከከበደህ ጥግ ይዘህ አቁም፣ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ አሸልብ፤ ያውም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት። ለአንድ ወር ያህል የማታ ሥራ ይቅርብህ።

ድካሙና ድብርቱ ባብዛኛው በሁለት ሦስት ሳምንት ይቀላል። ቀን በቀን፣ ነቅተህ ሳለ ድምፅ መስማት፣ ሰው ይከተለኛል ማለት ወይም መኖር ማስጠላት ከመጣ ግን ዱካክ ነው ብለህ አትለፈው፤ በዚያው ቀን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። ለብዙ ዓመታት አረቄ በየቀኑ ይጠጣ ነበር፤ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ይንቀጠቀጣል። በፍልሰታ መግቢያ ተወውና ጸበል ገባ። በሦስተኛው ሌሊት ላብ አጥምቆት፣ ነፍሳት ግድግዳው ላይ ይሄዳሉ እያለ ሲለፈልፍ አደረ፤ ኋላ ተሻለው። አሁን አምስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ አልቀመሰም። እንቅልፉ ግን ከሦስት ሰዓት አያልፍም። ጎረቤቴ የእናቷን ዳያዚፓም ሰጠችኝ። እሱ ደግሞ «ማታ ማታ አንድ ጣሳ ጠላ ብቻ ስጪኝ» ይላል። የቱን ልስጠው? የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው። — ከአራዳ

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱንም አይስጡት። ክኒኑን ዛሬውኑ ለጎረቤትዎ ይመልሱ።

ዳያዚፓም በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ያን የሦስተኛውን ሌሊት መቃዠት ሐኪም ቤት ቢሆን ኖሮ ያበርዱለት የነበረው በዚሁ ወይም በቢጤዎቹ ነበር፤ እየተቆጣጠሩ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሱ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነው። አንጎልን የሚነካው አልኮል በሚነካው ቦታ ስለሆነ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል፤ አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ይሆናል። ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ቀናት ይፈጃል፤ የዛሬው ሳያልቅ የነገው ይደረብበታል። በዚያ ላይ አንድ ቀን ተሸንፎ ቢጠጣ፣ ሁለቱ ተባብረው ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። የሚያንኮራፋና በመሐል ትንፋሹ ቀጥ የሚል ሰው ከሆነ ያለ ሐኪም የሚወሰድ ማንኛውም የእንቅልፍ ክኒን ያሰጋዋል። ምናልባት ቀድመው ለሳምንታት ሰጥተውት ከሆነ ደግሞ በድንገት አያቋርጡበት፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለሐኪም ይንገሩና ቀስ በቀስ ይቀነስለት።

ጠላውስ? ጠላም ሆነ ኮረፌ፣ ቅራሪም ቢሆን፣ መጀመሪያ ያስተኛዋል። ችግሩ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ነው። አልኮሉ ከደሙ ሲቀንስ አንጎል ይባንናል፤ ልቡ እየመታ፣ አልቦት ሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይነቃል። በማግስቱ ማታ አንዱ ጣሳ አይበቃውም።

ለምን አይተኛም ለሚለው፦ አረቄ ለዓመታት አንጎሉን ሲያደነዝዝ፣ አንጎሉ ደግሞ ላለመደንዘዝ የመንቂያውን ኃይል ከፍ አድርጎ ሲታገል ኖሯል። አረቄው ቀረ፤ የመንቂያው ኃይል ግን ገና ከፍ እንዳለ ነው። የሚወርደው በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ መተኛት ያደክማል፤ ነገር ግን ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም፣ እሱም ይህን ከእርስዎ አንደበት ቢሰማው ጥሩ ነው።

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዲህ ያድርጉ። አልጋው ቀን ቀን መቀመጫ አይሁን፤ እሱ የሚቀመጥበት መደብ ወይም ወንበር ለብቻ ይለይ። ከመተኛቱ አንድ ሰዓት በፊት እግሩን ለብ ባለ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፍ። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ እግር ሲሞቅ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅልፍም ከዚህ ጋር ይመጣል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል በፊት አይጋደም። ከተጋደመ በኋላ ሩብ ሰዓት ወይም 20 ደቂቃ የሚሆን ያህል ካልወሰደው (ሰዓት አይይ፣ በግምት ነው) ተነስቶ ጋቢውን ደርቦ መደቡ ላይ ይቀመጥ። ደብዛዛ ብርሃን ይበቃል። ዳዊት መድገም ይችላል፤ ስልክና ቴሌቪዥን አይሆኑም። ዓይኑ ሲከብድ ብቻ ይመለስ፤ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜም ቢመላለስ ችግር የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳ፣ ወጥቶም ግማሽ ሰዓት ይራመድ። የክረምቱ ደመና ሰማዩን ቢሸፍነውም የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አንጎል ሌሊቱን ከቀኑ የሚለየው በእሱ ነው። እርስዎም «ተኛህ? ነቃህ?» እያሉ አይጠይቁት፤ እንቅልፍ ሲጠበቅ ይሸሻል።

ለአዘዞው አንባቢ የነገርነውን የአልጋ ጊዜ መቀነስ ግን ለእሱ አሁን አንመክርም። አልኮል ያቆመ ሰው ላይ የእንቅልፍ እጦት ሲጨመር መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል። የሚመለከተው ሐኪም ከፈቀደ ወደፊት ይደርሳል።

ስለዚያች ሦስተኛ ሌሊት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጅ መንቀጥቀጡና ላቡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ እስከ 48 ሰዓት ይመጣል፤ መቃዠቱና የሌለ ነገር ማየቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው። ይህ ሕመም ሰውን ይገድላል። ባለቤትዎ ተርፏል፤ ያያቸው ነፍሳት ግን መንፈስ ተብለው ብቻ የሚታለፉ አልነበሩም። አንድ ቀን ቢመለስበትና እንደገና ሊያቆም ቢል መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጸበል፤ ሁለቱ አይጣሉም። አሁንም ቢሆን አንድ ጊዜ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ሱስ የማያስይዝ ለእንቅልፍ የሚረዳ መድኃኒት አለ፤ ለጠጪ ሰው የሚጎድለውን ቫይታሚን ቢ 1ም ይጠይቁለት። ግራ መጋባት፣ ሲራመድ መንገዳገድና የዓይን መንቀጥቀጥ ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

መስቀልም ደርሷል፤ እንግዳ ሲመጣ ለእሱ ብርዝ ያቅርቡለት። በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ የከረመ ብርዝ ወደ ጠጅ መሄድ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ለፈተና እቅማለሁ፤ ምርቃናው እንዲለቀኝና እንድተኛ በጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ እወስዳለሁ። ከሁለቱ የቱን መተው ላስቀድም? — ከማራኪ

መልስ፦ በየቀኑ የማትጠጣ፣ ጠዋት እጅህ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን ተው። ቢራውን የጠራው ጫቱ ነው፤ ጫቱ ሳይቀር ጨብሲው ብቻ ቢቀር ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ታድራለህ። በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነ ግን ለአራዳዋ እህት የጻፍነውን አንብብና ሐኪም ሳታማክር አታቁም። ያጠናኸው ትምህርት የሚጸናው በእንቅልፍ ነው፤ በምርቃና የተነበበና በቢራ የታፈነ ሌሊት ለፈተና ቀን የሚተርፈው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በእንቅልፍና በድካም ያልፋል፤ ስለዚህ ለማቆም የፈተና ሳምንትን ሳይሆን የእረፍቱን መጀመሪያ ምረጥ።

ጥያቄ፦ ጫትና ሲጋራ አብሬ ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ዱካክ የለም፣ ሀራራውም ቀንሷል። እንቅልፌ ግን አሁንም ስስ ነው። ከቡና በቀር ምንም አልወስድም። — ከፒያሳ

መልስ፦ ቡናውን ስንት ሰዓት ላይ ትጠጣለህ? ይህን አልጻፍክልንም፤ ግን ምናልባት ከቀኑ 11 ሰዓት ወዲያ ይሆናል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በ11 ሰዓት የጠጣኸው አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምህ ውስጥ ነው። አንተ ላይ ደግሞ ይብሳል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ሲጋራው ሲቀር ጉበት ወደ ዝግታው ይመለሳል። ስለዚህ ያው የድሮው የስኒ ቁጥር አሁን እጥፍ ያህል ይነካሃል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ቡናውን በግማሽ መቀነስ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቡና አትጠጣ። ሻይም ካፌይን አለው፣ ኮካም እንዲሁ። በአንዴ ብታቋርጠው ራስህን ስለሚያምህ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ቀንስ። ጎረቤት ቡና ሲጠራህ አትቅር፤ ቆሎውን ቃም፣ ስኒው ሲዞር «ማታ አልችልም» በል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረግህ በኋላም ካልተሻለህ የተኛህበትንና የነቃህበትን ሰዓት፣ የቡናውንም ጭምር፣ ለ14 ቀናት በደብተር መዝግብና ይዘኸው ሐኪም ዘንድ ሂድ።