የጉበት አልትራሳውንድ ውጤት ግራ ያጋባችሁ፣ ጠይቁኝ

የምሠራው ራዲዮሎጂ ክፍል ነው። ጥያቄያችሁን ወርወር አድርጉ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወረቀቴ ላይ «የጉበት ስብ፣ ደረጃ 2» ይላል። የጉበት የደም ምርመራዬ ግን ኖርማል ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። በደም ምርመራው የሚለካው የጉበት ኢንዛይም ኖርማል ሆኖ ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው ሞልቷል። ስብ ሲበዛ ጉበት ስክሪኑ ላይ ከኩላሊት ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ደረጃውን የምንሰጠው ደግሞ በዓይን ስለሆነ አንዱ 1 ያለውን ሌላው 2 ቢለው አትደንግጥ። ዋናው ነገር ጉበቱ ጠባሳ ጀምሯል ወይ የሚለው ነው፣ እሱን ተራ አልትራሳውንድ በጊዜ አያሳይም። ሐኪምህ ዕድሜህን፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉትን የጉበት ኢንዛይሞች፣ እንዲሁም ፕላትሌትህን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ሴል) ይዞ ፊብ-4 የሚባል የጠባሳ ስጋት መገመቻ ስሌት ይሠራል። ከፍ ካለ ፋይብሮስካን የሚባል የጉበት ጥንካሬ መለኪያ ምርመራ ሊያዝልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ስቡ ከየት መጣ?

መልስ፦ ይህቺን በቀን ስንቴ እንደምሰማት! መጠጥ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። ቦርጭ፣ ዓይነት 2 ስኳር፣ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ስብ) አሉ። እንደ ታሞክሲፈን (ለጡት ካንሰር) እና አሚዮዳሮን (ለልብ ምት) ያሉ መድኃኒቶችም ያመጡታል (በራሳችሁ እንዳታቋርጡ ብቻ)። ውፍረት ያለበት ሰው ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ ስቡም ብግነቱም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ላይ 2 ሴንቲሜትር «ሄማንጂዮማ» ተገኘ። ካንሰር ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ የደም ሥሮች ጥቅል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳይታከም ይተዋል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መሞላት) ካለባቸው ግን በአልትራሳውንድ ብቻ አትለፉት፣ በኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ተሰጥቶ) በሚነሳ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይረጋገጥ።

ጥያቄ፦ ጉበት ላይ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ሲገኝስ?

መልስ፦ ውሃ ብቻ የያዘ ቀላል ሲስት ከሆነ ተዉት። ውስጡ ሌሎች ትናንሽ ከረጢቶች ካሉ ግን ከውሻ የሚመጣ የትል በሽታ፣ ሃይዳቲድ፣ ሊሆን ይችላል። ሳይጣራ መርፌ አይገባበትም፤ ከፈሰሰ ከባድ አለርጂ ያስነሳል።

ጥያቄ፦ «የጉበቱ ገጽታ ሻካራ ነው» ማለትስ?

መልስ፦ ይሄኛውን እንዳትንቁት። የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ መጠጥ፣ ለዓመታት የከረመ ስብ፣ ቢልሃርዚያም ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ከጎረበጠ፣ ጣፊያ ካበጠ፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ከታየ ሲሮሲስ እንጠረጥራለን። የሚያናድደኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ኪሱ ከትቶ ሄፓታይተስ እንኳን ሳይመረመር ዓመት ይቆያል። ሲሮሲስ መሆኑ ከተረጋገጠ ካንሰር በጊዜ እንዲያዝ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆድ ልምጣ?

መልስ፦ አዎ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ሳትበላ ቆይተህ። ከበላህ የሐሞት ከረጢቱ ይጨማደድና ጠጠር ቢኖርም ላያሳየኝ ይችላል። የድሮ ውጤትህንም ይዘህ ና፤ አምና የነበረ ነጠብጣብና ዘንድሮ የመጣ ነጠብጣብ አንድ አይደሉም።