«ሚሞሪው ስንት ነው?» ብለሽ አትግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛው ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። ሁለተኛው 4 ጊጋ ራምና 1 ቴራ (1000 ጊጋ) ሃርድ ዲስክ። ዋጋቸው እኩል ነው። «1 ቴራው አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽው። አይሻልም። የመጀመሪያውን ውሰጂ።

ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሲያሳስት በብዛት የማየው ቃል «ሚሞሪ» ነው። ገዢው «ሚሞሪው ስንት ነው?» ይላል፤ ሻጩ ትልቁን ቁጥር ይጠራል። እኛ ግን ሚሞሪ የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ወጥ ቤትሽን አስቢ። ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ጓዳሽ ነው። ፎቶው፣ ፊልሙ፣ ፋይሉ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ራም ደግሞ ሽንኩርቱን አውጥተሽ የምትከትፊበት ጠረጴዛ ነው። ጓዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ጠረጴዛው ከጠበበ ሥራ አይቀላጠፍም። ክሮም ላይ አሥር ገጽ፣ ከጎኑ ኤክሴልና ቴሌግራም ስትከፍቺ 4 ጊጋ ቶሎ ይሞላል። ያኔ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ጓዳ እያስገባ፣ ሲፈልገው መልሶ ያወጣል። «ስታክ አደረገ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ምልልስ ነው።

ራም ኮምፒውተሩ ኃይል ሲያጣ ባዶ ይሆናል። ሴቭ ማድረግ ማለት ከጠረጴዛው አንስቶ ጓዳ ማስገባት ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ አምሽቶ፣ ሴቭ ሳያደርግ መብራት ሄደበት። በማግስቱ እያለቀሰ መጣ። ልመልስለት አልቻልኩም። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ጓዳና ጓዳም ይለያያል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ። የሚያነበው ክንድ ፋይሉ ያለበት ቦታ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ሲወድቅም ቶሎ ይጎዳል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ላፕቶፗን አብርታ፣ ቡና አፍልታ ነበር የምትመለሰው። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ ገጠምኩላት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተከፈተ። «የኔው ነው?» ብላ ገልብጣ አየችው።

ከመክፈልሽ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ከዚያ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ንኪ። እዚያ «ሚሞሪ» የሚለው ራሙ ነው። ዲስኩ ሥር ደግሞ ኤስኤስዲ ወይም ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ ማለት ነው) ይላል። 256ቱ 238 ሆኖ ቢታይሽ አትደንግጪ፤ አልተታለልሽም። አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ራም መጨመሪያ ቦታ እንዳለውም ጠይቂ። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። ለፎቶና ለፊልም ቦታ ካጠረሽ ግን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ሃርድ ዲስክ ሌላ ጊዜ ትገዢያለሽ።