የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ኬራንን አሁን ልጠጣው ወይስ ላቆየው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ነው። ባለፈው መስከረም ከባለቤቴ ጋር ወደ ደቡብ ወርደን፣ ኬራን በምትባል መንደር ከአንድ አምራች ስድስት ጠርሙስ ቀይ ወይን እያንዳንዱን በ12 ዩሮ ገዛን። እዚያው ጓዳው ውስጥ ስንቀምሰው ለስላሳና የፍሬ ጣዕም የሞላበት ነበር። ቤታችን ስንከፍተው ግን አልኮሉ አፍንጫ የሚሰረስር፣ ድድ የሚያደርቅ ሆነብን። ወዳጆቻችን «ገና ጥሬ ነው፤ አሥር ዓመት አስቀምጡት» ይሉናል። የቀሩት አምስት ጠርሙሶች በወጥ ቤታችን፣ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወይኑ ጥሬ ስለመሆኑ ከመናገራችን በፊት ሙቀቱን እንመርምር። በአምራቹ ጓዳ የቀመሳችሁት ወይን ቀዝቃዛ ነበር፤ በእናንተ ወጥ ቤት የተከፈተው ግን ከ24 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ አልቀረም። አልኮል ሲሞቅ ቶሎ ስለሚተን ከብርጭቆው አፍ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ይሆናል፤ የፍሬውን መዓዛም ይሸፍነዋል። ይህ በኬራን ወይን ላይ በተለይ ይብሳል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የሚበዛው ግረናሽ የተባለው የወይን ዘር በፀሐይ እጅግ ጣፍጦ የሚበስል በመሆኑ፣ ከእሱ የሚወጣው ወይን አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ» የሚለው ምክር የመጣው ቤቶች እንደ ዛሬው በማሞቂያ ከመሞቃቸው በፊት ነው።

እኔ ራሴ ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ ቀድቼ፣ አንዱን በክፍሉ ሙቀት ትቼ ሌላውን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼ ጎን ለጎን ቀምሼ አውቃለሁ። የሞቀው የተቀቀለ ፕሪምና የአረቄ ሽታ ነበረው፤ የቀዘቀዘው ግን ጥቁር እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያም በዚያ አካባቢ ኮረብታዎች ላይ እንደ አረም የሚበቅለውን ጦስኝ ይሸት ነበር። ወይኑ አንድ፣ ልዩነቱ የጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከማቅረባችሁ በፊት ለ25 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩት፤ 16 ወይም 17 ዲግሪ ይበቃዋል። ከዚያ በታች እጅግ ከቀዘቀዘ ደግሞ ድድ የሚያደርቀው ታኒን ይበልጥ ይጠነክራልና ከልክ አይለፍ።

አሁን ወደ ማቆየቱ እንምጣ። ቀይ ወይን በጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ፣ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የመጣው ታኒን ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ይገዝፍና ቀስ በቀስ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጣዕሙ ይለዝባል፣ ሐምራዊው ቀለም ወደ ጡብ መልክ ያደላል፣ የትኩስ ፍሬው መዓዛም ለደረቀ በለስና ለቆዳ ሽታ ቦታውን ይለቃል። ይህን ጉዞ በመልካም የሚጨርሰው ግን ታኒኑም፣ ኮምጣጣነቱም፣ ፍሬውም ሲነሣ የተሟላለት ወይን ነው። ግረናሽ በተፈጥሮው ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ የሚደክም ዘር ነው፤ ጉልበት የሚሰጡት አብረውት የሚቀላቀሉት ሲራና ሙርቬድር ናቸው። በእኔ ግምት ተራው ኮት ዱ ሮን (ኬራን ባለችበት በሮን ሸለቆ የሚሠራው ወይን የጋራ ስሙ ነው) ከተለቀመበት ዓመት ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል፤ ጥሩ ኬራን ግን ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ዓመት ይዘልቃል። አሥር ዓመት፣ ያውም ከምድጃ በላይ ተቀምጦ፣ ይህን ወይን ይገድለዋል። ሙቀቱ ወይኑን እያሳበጠ ቡሹን ይገፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ይስባል።

የገዛችሁትን ወይን አታቃልሉት። ኬራን ወይኗ ለረጅም ጊዜ ኮት ዱ ሮን ቪላዥ በሚባለው የጋራ ስም ሥር ቆይቶ በ2016 በራሷ ስም ብቻ እንዲጠራ የተፈቀደላት መንደር ናት፤ ከዚያ ብዙም የማይርቀው የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ወይን ግን በተመሳሳይ የወይን ዘሮች ተሠርቶ፣ ከስሙ ዝናም የተነሣ ብዙ እጥፍ ዋጋ ይጠየቅበታል።

በሊዮን ብዙ ሕንፃዎች ሥር ለነዋሪው የተመደበ ካቭ (የምድር ቤት ጓዳ) ስላለ፣ እናንተም ካላችሁ ጠርሙሶቹን ዛሬውኑ ወደዚያ አውርዱና ቡሹ እንዳይደርቅ አስተኟቸው። ካቭ ከሌላችሁ ከማሞቂያ የራቀ፣ ጨለማ የሆነ የቁም ሣጥን ወለል ይበቃል፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ሙቀቱ አለመለዋወጡ ይጠቅማል። ሁለቱን በዚህ ዓመት ጠጥታችሁ የቀሩትን በየዓመቱ አንድ አንድ ክፈቱ። የመጀመሪያውን ስትከፍቱ ግማሹን ጠጥታችሁ የቀረውን ቡሹን መልሳችሁ በማቀዝቀዣ አሳድሩት፤ በማግስቱ ከትናንቱ የተሻለ ከሆነ ሌሎቹ ገና ጊዜ አላቸው፣ ከደከመ ግን አትዘግዩ። ስትቀምሱም አንድ ጉንጭ ወይን አፋችሁ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፦ ምራቅ የሚያመጣው ኮምጣጣነቱ፣ ድድ የሚያደርቀው ታኒኑ፣ ጉሮሮ የሚያሞቀው አልኮሉ ነው። እነዚህን ለይቶ ያወቀ ሰው ወይኑ የቱ እንደከበደው ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ በስጦታ ያገኘሁት ዢጎንዳስ የተባለ የ2012 ቀይ ወይን ከሥሩ ጥቁር አተላ ይዟል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ከላይ የተናገርነው የዘቀጠ ቀለምና ታኒን ነው። ጠርሙሱን አንድ ቀን ሙሉ አቁመው ያሳድሩት፣ ከዚያ ከአንገቱ ጀርባ መብራት አድርገው ወደ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ ቀስ ብለው ይገልብጡት፤ አተላው ወደ አንገቱ ሲደርስ ያቁሙ። አሮጌ ወይን ከተገለበጠ በኋላ ለሰዓታት ሲቆይ መዓዛው ስለሚጠፋ፣ ወዲያው ያቅርቡት።

ጥያቄ፦ ለበዓል ከዶሮ ወጥ ጋር ኬራን ላቀርብ አስቤያለሁ፤ ይሄዳል?

መልስ፦ አልመክርዎትም። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ታኒንም ያግዘዋል፤ ስለዚህ ወጡም ወይኑም ይጎዳሉ። ለዶሮ ወጥ ከጋሜ ዘር የሚሠራውን፣ ታኒኑ ጥቂት፣ አልኮሉም 13 በመቶ ገደማ የሆነውን ቦዦሌ በደንብ አቀዝቅዘው ያቅርቡ። ኬራኑን ግን ለበግ ጥብስ ያቆዩት፤ ሚጥሚጣውን ትተው የጥብስ ቅጠሉን ያብዙበት።