በባናራስ ሆሊ ስለሚቀርበው ባንግ

እህቴ፣ «ለሆሊ ቫራናሲ እሄዳለሁ፤ ታንዳይ ቢሰጡኝ ልጠጣ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቫራናሲ ማለት ባናራስ ናት፣ ሆሊም የሂንዱዎች የቀለም በዓል ነው፤ እዚያው ስለተማርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ታንዳይ ሁሉ ባንግ፣ ማለትም ከካናቢስ ቅጠል የሚሠራው አስካሪ ነገር፣ አለበት ማለት አይደለም። ታንዳይ ቀዝቃዛ ወተት ነው። አልሞንድ፣ እንስላል፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬና የጽጌረዳ ቅጠል ተፈጭቶ ይገባበታል። ከተማው ውስጥ ጎዶሊያ በሚባለው ሰፈር ያሉ ሻጮች ባንጉን ለብቻ ነው የሚያስቀምጡት። የካናቢስ ቅጠሉ ታጥቦ፣ ድንጋይ ላይ በመጅ ልሞ፣ አረንጓዴ ድቡልቡል ይሆናል። ሲታዘዝ ሻጩ ከእሱ ቆንጠር አድርጎ ወተቱ ውስጥ ይበጠብጠዋል። «ሳዳ» ካልሽው ያለ ባንግ ይሰጥሻል፤ ማንም አይቀየምም። ሰው ቤት ከተጋበዝሽ ግን ቀድሞ ተበጥብጦ ሊጠብቅሽ ስለሚችል ሳትጎነጪ ጠይቂ።

የባናራስን ሰዎች ሐሺሽ ጠጪዎች ናቸው ብለሽ ግን አትናቂያቸው። ባንግ የአምላካቸው የሺቫ ነው ብለው ያምናሉ። በበዓሉ በማሃ ሺቫራትሪ ለእሱ ያቀርቡታል። አዛውንቶች ከቤተ መቅደስ መልስ እንደ በረከት በትንሹ ሲቀምሱ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የህንድ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግም የሚከለክለው ሙጫውንና አበባውን ነው፤ የቅጠሉን ነገር ለክልሎች ትቶታል። ቫራናሲ ያለችበት ክልል፣ ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የባንግ ሱቆች አሉ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሰውን የሚይዝበት አኳኋን ነው። በአፍ ሲወሰድ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ምንም ላይሰማሽ ይችላል። ሰው «አልያዘኝም» ብሎ ይደግማል፤ ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ይመጣሉ። ጣፋጩ ደግሞ ይብሳል። ባርፊና ላዱ በሚባሉት ጣፋጮች ውስጥ ስኳሩ የቅጠሉን ምሬት ይሸፍነዋል፣ መጠኑም አይታወቅም። አንድ የክፍላችን ልጅ ጠዋት ሁለት ቁራጭ ባርፊ በልቶ እስከ ማታ አልጋ ላይ ነበር። ልቡ ድው ድው ይላል፣ «ልሞት ነው» ይላል፣ እጃችንን አይለቅም። ማደሪያው ሙሉ ተጨንቆ ዋለ።

ስለዚህ እኔን ከሰማሽኝ ሳዳውን ጠጪ። ብቻሽን ከሆንሽ፣ የልብ ሕመም ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ባንጉን ጨርሶ አትንኪው። ከአልኮል ጋርማ በፍጹም። ሆሊ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፣ የምትጾሚ ከሆነ ወተት ነውና ሳዳውም ይቅርብሽ።

ለቤተሰብ ጣፋጭ ስትገዢም ባንግ የሌለበት መሆኑን አረጋግጪ። እዚያ በፈቃድ የሚሸጠው አዲስ አበባ ኤርፖርት ላይ ወንጀል ነው።