የጅቡቲ መስመር ወይስ ሲሚንቶ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ረዳት ሆኜ ከቆየሁ በኋላ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አንድ ባለንብረት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሊሰጠኝ ነው። ሌላው ደግሞ ከሙገር አዲስ አበባ ሲሚንቶ አመላልስ ይለኛል፤ ደመወዙም ከፍ ይላል። የቱን ልያዝ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደመወዙን ለጊዜው ተወውና መስመሩን እይ። እኔ ጅቡቲ ስመላለስ ነው ያረጀሁት፤ ባዳላ አትፍረድብኝ።

ከአገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ሥራ አይጠፋም። ጣጣው ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ማድላቱ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ብረቱ ወደ መሐል አገር ይጎርፋል፤ የሚወርደው ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ግን ለዚያ ሁሉ መኪና አይደርስም። ብዙ ጊዜ ባዶህን ነው የምትወርደው። ስለዚህ ባለንብረቱን ፊት ለፊት ጠይቀው፦ ባዶ ስወርድ አበሌ ስንት ነው? ወደብ ላይ ተራ ስጠብቅስ? እዚያ ውኃ የምትገዛው በፍራንክ ነው። በብር የተቆረጠ አበል ሳታውቀው ያልቃል። ጎበዝ ሹፌር ብትሆንም ወረፋው ከያዘህ የወሩ ምልልስህ ያንሳል።

ባቡሩም አለ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንቴይነር እየጎተተ ነው። ሰውየው የሚጭነው ሞጆ የሚራገፍ ኮንቴይነር ብቻ ከሆነ ሁለቴ አስብ። ወደ እናንተ ኮምቦልቻ የሚመጣው ግን አሁንም በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ በመኪና ነው። ያን ጭነት ካገኘህ ቤትህ በር ላይ ታራግፋለህ ማለት ነው።

ሲሚንቶው ቅርብ ነው፣ ሙቀትም የለበትም። ክረምት ላይ ግን ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ መኪናው ሲቆም አንተም ትቆማለህ።

እኔ ብሆን ወደብ ላይ ተራ የምጠብቅበትን አበል በጽሑፍ ካስገባልኝ ጅቡቲን እይዛለሁ። ኋላ ወደ ቦቴ ለመሻገርም ይጠቅምሃል፤ ነዳጃችን ከዚያ የሚገባው በቦቴ ነው። ቦቴ ለመያዝ ለብቻው የፈሳሽ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባለቦቴዎቹም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይመርጣሉ። ሲሚንቶ ላይ ከከረምክ ያ በር ይጠብብሃል።

ሌላው፣ በሰኔና በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ ከዲኪል እስከ ድንበሩ ጋላፊ በቀትር አትንዳ። አስፋልቱ ይግላል፣ ጎማ ይፈነዳል። ማታ ተነሳ። መኪናውን ስትረከብም ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አውርደህ እየው፤ ያለቀ ጎማ ከሆነ ሳይቀየር አትውጣ።