ኢንክሊኔሽን ብቻውን ለምን አይበቃም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አሪፍ ነው። የሳተላይት መከታተያ አፑ ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ኢንክሊኔሽን 51.6 ዲግሪ ይላል፣ ምህዋሩ ከምድር ወገብ አንጻር ምን ያህል እንዳዘነበለ ካወቅን ሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ምን ይሠራሉ ነው ያልከው።

ሰፌድ አንሳና እህል እንደሚያበጥር ሰው አዘንብለህ ያዘው። አሁን ያዘነበለበትን ልክ ሳትነካ ባለህበት ዙር። እኔ ያለሁት ሱሉልታ ነው፤ ዝቅ ያለው ጠርዝ ቅድም ወደ ደቡብ፣ ወደ እንጦጦ ነበር፣ አሁን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጫንጮ ዞረ። ዝንባሌው ያው ነው፣ አቅጣጫው ግን ሌላ። ይህን የሚነግርህ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ጣቢያው ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሄድ የምድር ወገብን ጠለል (በወገቡ በኩል የሚያልፈውን ዝርግ ገጽ) የሚያቋርጥበት ነጥብ አሴንዲንግ ኖድ ይባላል፣ ማዕዘኑም የሚለካው እስከዚያ ድረስ ነው።

ከየት ተነስቶ? ከግሪንዊች እንዳትል፣ ምድር ራሷ ትሽከረከራለች። መነሻው መጋቢት 11 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ የምትታይበት የሰማይ አቅጣጫ ነው። የጥንቶቹ ሐመል በሚባለው የኮከብ ስብስብ ነበር የሚያውቁት፣ ዛሬ ሑት በሚባለው ውስጥ ገብቷል፤ የምድር ዘንግ አቅጣጫ በ26,000 ዓመት ገደማ አንዴ ስለሚዞር መነሻውም አብሮ ይንሸራተታል። ሰንጠረዦች ላይ ጄ2000 የሚል ካየህ የ2000 እ.ኤ.አ. መነሻን ተጠቅመናል ማለታቸው ነው።

ሦስተኛው ማዕዘን ሞላላው ምህዋር በራሱ ጠለል ላይ ወዴት እንደዞረ ይናገራል፣ ከኖዱ ተነስቶ ለምድር በጣም እስከሚቀርብበት ነጥብ። የጣቢያው ምህዋር ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ስለዚህ ለአንተ ብዙም አይጠቅምህም። ለኮሜት ግን ወሳኝ ነው።

ለፕላኔቶችና ለጨረቃ ማነጻጸሪያው የምድር ወገብ ሳይሆን ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ጠለል ነው። ጨረቃ ከዚያ 5 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና የታየችበት ግርዶሽ የሆነው አዲስ ጨረቃ ይህን ጠለል የምታቋርጥበት ነጥብ (ኖዷ) አካባቢ ስለነበረች ነው፤ በሌላ ወር ከኖዷ ስለምትርቅ ነው በየወሩ ግርዶሽ የማናየው።

አሁን ወደ አፕህ። የጣቢያውን ባለ ሁለት መስመር ዳታ (የምህዋሩን ቁጥሮች የያዘውን) ክፈትና ሁለተኛውን መስመር እይ። ከሳተላይቱ መለያ ቁጥር ቀጥሎ 51.6 አለ፣ ከጎኑ ያለው የኖዱ ነው። ነገ ደግመህ እየው። 51.6 ንቅንቅ አይልም፣ የኖዱ ግን ወደ 5 ዲግሪ ቀንሶ ታገኘዋለህ። ምድር ወገቧ ላይ ትንሽ ስላበጠች ስበቷ የምህዋሩን ጠለል ወደ ምዕራብ ያዞረዋል። እኔ ጋ አንድ ሰሞን አመሻሽ ላይ ከእንጦጦ በኩል ብቅ ብሎ ወደ ሰሜን ምስራቅ ያልፋል፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ኢንክሊኔሽኑን ብቻ እያየህ ብትውል ይሄ አይገባህም።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 እንዳመጠቀቻት ያሉት መሬት ቃኚ ሳተላይቶች ደግሞ ይህንኑ መንሸራተት ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ዝንባሌያቸው 98 ዲግሪ አካባቢ ይደረግና ኖዱ በቀን 1 ዲግሪ ያህል ወደ ምስራቅ ይሄዳል፣ ከፀሐይ እኩል ማለት ነው። ስለዚህ አንድን ቦታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ያነሱታል።